ያገለገለ ፎቶ ፕሪንተር ሲገዙ ውድ ቀለም ከማፍሰስዎ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዓመታት በፊት ስምንት ቀለም የሚወስድ ያገለገለ ፎቶ ፕሪንተር ገዛሁ። ሻጩ «ምንም አልሆነም፣ ቀለም ስላለቀ ነው የተቀመጠው» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ስምንቱንም ካርትሪጅ አዲስ ገዝቼ ከተትኩ። የመጀመሪያው የሙከራ ወረቀት ሲወጣ ከፈዛዛው ማጀንታ (ሮዝ መሰል ቀይ) መስመሮች ግማሹ የለም። በማሽኑ የጽዳት ትዕዛዝ አጸዳሁ፤ ደግሜ አጸዳሁ። በአምስተኛው ጽዳት ካርትሪጆቹ ወደ ግማሽ ወርደው የጎደሉት መስመሮች እዚያው በነበሩበት ጎድለው ቀሩ። ለቀለሙ ያወጣሁት ገንዘብ ለማሽኑ ከከፈልኩት ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ፕሪንተሩ ጤነኛ መሆኑን ውስጡ በቀረው ቀለም ያስመስክር፣ አዲስ ቀለም የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ደጋግመው የሚደርሱኝ ናቸው።

ማሽኑ በርካሽ ከተገኘ ስለ ቀለሙ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ?

መጠኑን እንይ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤፕሰን ስታይለስ ፕሮ 3880 ዘጠኝ ካርትሪጅ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ 80 ሚሊ ሊትር ነው፤ በድምሩ 720 ሚሊ ሊትር። ካኖን ኢሜጅፕሮግራፍ ፕሮ-1000 ደግሞ ባለ 80 ሚሊ ሊትር አሥራ ሁለት ካርትሪጆች ስላሉት 960 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቀለም ይፈልጋል። የፎቶ ቀለም ዋጋ በሚሊ ሊትር ሲሰላ ምን ያህል እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል።

ችግሩን የሚያባብሰው ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቹ ፎቶ ፕሪንተሮች በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ላይ ያለውን ቺፕ ያነባሉ፤ ከስምንቱ አንዱ እንኳ ባዶ ከሆነ ሰባቱ ሞልተውም ቢሆን አላትምም ብለው ይቆማሉ። ስለዚህ «አንድ ቀለም ገዝቼ ልሞክረው» ማለት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ወይ ሁሉንም ያሟላሉ ወይ አይሞክሩም። በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ ካርትሪጆቹ አንድ ቦታ ተቀምጠው ቀለሙ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ሄዱ፣ ማለትም ቀለሙን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደሚረጨው ክፍል፣ ይጓዛል። ቱቦዎቹ ደርቀው ወይም ባዶ ሆነው ከሆነ አንዲት ፎቶ ሳትታተም ብዙ ቀለም እነሱን በመሙላት ያልቃል።

ሻጩ «ቀለም ብቻ ነው የሚያስፈልገው» ይላል። ልመነው?

ሰውየው እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቀለም አልቆበት የተቀመጠ ፕሪንተር ማለት ሄዱ ሳይረጭ የከረመ ፕሪንተር ማለት ነው። «ደህና ነው» የሚለው ቃል የመጨረሻ ፎቶው በታተመበት ቀን እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት መሆኑን ግን ሻጩ ራሱ አያውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሠራል ወይ?» ሳይሆን «ለመጨረሻ ጊዜ የታተመበት መቼ ነው?» የሚለው ነው። ቀጥሎ ቀለሙ ዳይ ነው ወይስ ፒግመንት የሚለው ይመጣል። ዳይ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ቀለም ስለሆነ ቢደርቅም ብዙ ጊዜ በእርጥበት ይመለሳል። ፒግመንት ግን በፈሳሽ ውስጥ የተበተነ እጅግ የደቀቀ ዱቄት ነው፤ ፈሳሹ ሲተን ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ ይጋገራል። ሁለቱም ስድስት ወር ሳይታተምባቸው ቢቆዩ እኔ በዳይ ቀለም የሚሠራውን በተሻለ ተስፋ እመለከተዋለሁ።

ፊት ለፊትዎ ማተም የማይችል ማሽን ከሆነ ዋጋውም ለመለዋወጫ እንደሚሸጥ ማሽን መሆን አለበት። ሻጭ ከሆኑ ደግሞ ልለምንዎት፦ ካርትሪጆቹን አውጥተው ለብቻ አይሽጡ። ውስጡ የቀረው ቀለም ለማሽንዎ ምስክሩ ነው።

ማሽኑን ለማየት ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

ጥቂት ተራ ወረቀት፣ ሁለት ወይም ሦስት የፎቶ ወረቀት፣ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) አስቀድሞ የተጫነበት ላፕቶፕ፣ የዩኤስቢ ገመድ እና አጉሊ መነጽር። መብራት ስልክዎ ላይ አለ።

የኖዝል ፍተሻ ምንድን ነው? እንዴትስ ይነበባል?

ከሁሉም ምርመራ ቀዳሚው ይህ ነው፤ የሚወስደውም ቀለም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ፕሪንተሩ እያንዳንዱን የሄድ ቀዳዳ (ኖዝል) ተራ በተራ እያስረጨ በወረቀቱ ላይ አጫጭር መስመሮችን ደረጃ በደረጃ ይደረድራል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሰሌዳ ይወጣል። በስታይለስ ፕሮ 3880 ለአንድ ቀለም 180 ቀዳዳ አለ። ከደረጃው አንዲት መስመር ከጠፋች አንዲት ቀዳዳ አልረጨችም ማለት ነው።

ወረቀቱን መስኮት ዳር ያዙና ከላይ ወደ ታች በአጉሊ መነጽር ይከተሉት። የጠፋ መስመር ብቻ ሳይሆን የተንሻፈፈም ይፈልጉ፤ ቀዳዳው በከፊል ሲደፈን ቀለሙ ወደ ጎን ይተፋል፤ መስመሯም ከጎረቤቶቿ ዘንበል ብላ ትታያለች። ጥቁሩና ማጀንታው በቀላሉ ይነበባሉ፤ የሚያታልለው ቢጫው ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ሙሉ ይመስላል፣ ኋላ ግን ቆዳው ወይን ጠጅ የሆነ ሰው ያትምልዎታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስልክዎ ስክሪን ላይ ሙሉ ሰማያዊ ምስል ይክፈቱ፣ ጥላ ወዳለበት ይሂዱና ወረቀቱን በዚያ ብርሃን ይዩት። ቢጫ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ መስመሮቹ ጠቁረው ብቅ ይላሉ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቢጫን በነጭ መብራት አይቼ አላልፍም።

ሻጩ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ጽዳት እንዳያደርግ አስቀድመው በትህትና ይጠይቁት። የመጀመሪያው ወረቀት ማሽኑ ከተኛበት እንደተነሳ የወጣ መሆን አለበት፤ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ከዚያ ሳያጸዱ ሁለተኛ ያትሙና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። 3880 ዘጠኝ ካርትሪጅ ቢኖረውም በሄዱ ላይ ያለው መስመር ስምንት ነው፤ ለአንጸባራቂ ወረቀት የሚያገለግለው ጥቁርና ለማያንጸባርቀው ወረቀት የሚያገለግለው ጥቁር አንዱን መስመር ይጋራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ራሱ ቀለም ስለሚያባክን ለሙከራ ብቻ ብለው አያስቀይሩት።

ጎደሎ መስመር አየሁ። ማሽኑ አበቃለት ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ክፍተቱ የት እንዳለ ሳይሆን ይንቀሳቀስ እንደሆነ ነው።

አንድ ጊዜ ተራ ጽዳት ያስደርጉና እንደገና የኖዝል ፍተሻ ያትሙ። ክፍተቶቹ ቦታ ከቀየሩ፣ ማለትም የነበሩት ሞልተው ሌላ ቦታ አዲስ ከጎደለ፣ ምልክቱ በአብዛኛው የአየር ነው፤ በቱቦው ወይም በካርትሪጁ መግቢያ አየር ገብቷል። ይህ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ክፍተቶቹ ቦታቸውን ሳይለቁ ከቀነሱ የደረቀ ቀለም እየለቀቀ ነውና ተስፋ አለው። ከሁለት ጽዳት በኋላ አንዲት መስመር እንኳ ሳትመለስ ሁሉም እዚያው ከቆሙ ግን ወይ ክፉኛ ተጋግሯል ወይ ቀዳዳውን የሚያሠራው የኤሌክትሪክ ክፍል ሞቷል። የኤሌክትሪክ ሞትን ጽዳት አይመልሰውም።

ከሁለት በላይ አያጽዱ። ጽዳት ማለት ቀለምን በፓምፕ ስቦ ወደ ፍሳሽ መድፋት ነው፤ ጠንካራው ጽዳት ደግሞ ከተራው ብዙ እጥፍ ይበላል። ከላይ የነገርኳችሁ ስህተቴም ይኸው ነበር፤ የሞተን ቀዳዳ በአዲስ ቀለም ላስነሳ መሞከሬ።

ቀጥሎ የአሠራሩ ዓይነት ይታያል። ካኖንና ኤችፒ ቀለሙን የሚያስፈነጥሩት በሙቀት ነው፤ ጥቃቅን ማሞቂያዎች ፈሳሹን አፍልተው በአረፋ ይገፉታል። እነዚህ ማሞቂያዎች ይቃጠላሉ። በብዙዎቹ የካኖን ፎቶ ፕሪንተሮች ሄዱ በእጅ ስለሚወጣ መቀየር ይቻላል፤ ዋጋውን ግን ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። በካኖን ላይ ቢ200 የሚል የስህተት ቁጥር ካዩ ጉዳዩ በአብዛኛው የሄድ ነው፤ ያን ማሽን ለቀው ይሂዱ። ኤፕሰን በኤሌክትሪክ ግፊት ቅርጹን የሚለውጥ ፒዬዞ የሚባል ክፍል ነው የሚጠቀመው። ሄዱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ታስቦ የተሠራና ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ መቀየሩ የባለሙያ ሥራ ሲሆን ወጪው ካገለገለ ማሽን ዋጋ ጋር አይመጣጠንም።

የኖዝል ፍተሻው ሙሉ ሆኖ ወጣ። ይበቃኛል?

አይበቃም። የኖዝል ፍተሻ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን እንጂ ቀለሙ ሳይቋረጥ መድረሱን አያሳይም። ያገለገለ ማሽን ለአጭር ርቀት ይሮጥና ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ገጽ የሚሸፍኑ፣ ቀለም የሚጠጡ ምስሎችን በከፍተኛ ጥራት ሦስት ወይም አራት ጊዜ በተከታታይ ያትሙና ወዲያው የኖዝል ፍተሻውን ይድገሙ። መጀመሪያ ሙሉ የነበረው አሁን ከጎደለ፣ በተለይ የአንድ ቀለም የታችኛው ወይም የላይኛው ክፍል በአንድነት ከጠፋ፣ ቀለሙ በበቂ ፍጥነት እየደረሰ አይደለም። ጥፋቱ በቱቦው፣ በማጣሪያው ወይም ከሄዱ በላይ ባለችው ትንሽ የቀለም ማጠራቀሚያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ፕሮ-1000ን የመሳሰሉ ኋላ የወጡ ማሽኖች ያልረጨውን ቀዳዳ በዳሳሽ ለይተው ሥራውን ለሌላ ቀዳዳ ይሰጣሉ። ማሽኑ በድምሩ 18,432 ቀዳዳ ስላለው ለጊዜው ይበቃዋል። ለባለቤቱ መልካም ነው፤ ለገዢ ግን የእርጅናን ምልክት ይሸፍናል። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ ከፍተሻው ይልቅ በሙሉ ገጽ ምስል ላይ ነው የምመካው።

የሙከራ ምስልዎ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይኑሩበት። አንደኛው ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚፈዝ ግራጫ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ጥላ የሚያጠላበት ቦታ ካለ አንዱ ቀለም እያነሰ ነው። ሁለተኛው ሰማይን የመሰለ ሰፊና ልሙጥ ቦታ ነው፤ በዕኩል ርቀት የሚደጋገም አግድም ሰንበር የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ድርብ ሆኖ ከወጣ ሄዱ ሲሄድና ሲመለስ የሚረጨው አልገጠመም። ይህ የመጨረሻው አያስደንግጥዎ፤ በማሽኑ የማስተካከያ ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ይፈታል። ሰንበሩም ቢሆን የኖዝል ፍተሻው ሙሉ ከሆነ ከወረቀት አሳሳቡ የመጣ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ማስተካከያውን ይሞክሩ።

ወረቀት አሳሳቡንስ?

ወፍራም የፎቶ ወረቀት ያስገቡ፤ ተራ ወረቀት ሁሉም ይስባል። የታተመውን ፎቶ ወደ መብራት አዘንብለው ሲያዩት በተርታ የተወጉ ነጥቦች ወይም ጭረት ካለው መንኮራኩሮቹ ወረቀቱን እየነኩ ነው።

ሽፋኑን ከፍቼ ምን ልመልከት?

ሄዱ ሥራ ሲያቆም የሚያርፍበትን ቦታ ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጫፍ ነው። እዚያ በዙሪያው የላስቲክ ከንፈር ያለው መክደኛ አለ። ሥራው ሄዱ እንዳይደርቅ አፍኖ መያዝና በጽዳት ጊዜ ፓምፑ በእሱ በኩል ቀለም እንዲስብ ማድረግ ነው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም በላዩ ቀለም እንደ ቅርፊት ከተጋገረበት አይገጥምም፤ ካልገጠመ ደግሞ ሄዱ በየሌሊቱ ይደርቃል። ብዙ ሰው «ሄዱ ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው ማሽን ችግሩ ይህ ላስቲክ ብቻ ሆኖ አይቻለሁ።

በአንዳንድ ማሽኖች ካርትሪጅ የመቀየር ትዕዛዝ ሲሰጥ ሄዱ ከማረፊያው ወደ መሃል ይወጣል። ሻጩ ከፈቀደ ያኔ መክደኛው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ዲስቲልድ ውሃ ያድርጉ፣ ይዝጉና አንድ ጽዳት ያስደርጉ። ተመልሰው ሲያዩ ውሃው ከተሳበ ፓምፑ በሕይወት አለ። እንዳለ ከተኛ የጽዳት ትዕዛዝ ቢደጋገምም ዋጋ የለውም፤ የሚስብ የለምና።

የፍሳሽ መያዣው ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ልግዛው?

በጽዳት ጊዜ የሚደፋው ቀለም የሚጠራቀመው በስፖንጅ ውስጥ ነው፤ ማሽኑም ይቆጥረዋል። ቁጥሩ ሲሞላ ቀለሙ ወደ ውጭ እንዳይፈስ ብሎ ሥራ ያቆማል። በካኖን 5ቢ00 የሚለው ቁጥር ይህንን ያመለክታል። 3880 እና ፕሮ-1000 ባለቤቱ ራሱ የሚቀይረው መያዣ ስላላቸው ነገሩ ቀላል ነው። ስፖንጁ ከውስጥ በተቀበረባቸው ማሽኖች ግን ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ስፖንጁ ራሱ ካልተቀየረ አንድ ቀን ጠረጴዛዎ ላይ ይፈሳል። የሞላ መያዣ ሌላም ነገር ይናገራል፦ ይህ ማሽን ብዙ ታትሞበታል፣ ወይም ብዙ ጸድቷል። የትኛው እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ።

ካርትሪጆቹ ባዶ ናቸው፤ ማሽኑን ግን ወድጄዋለሁ። ውድ ቀለም ሳልገዛ የምሞክርበት መንገድ አለ?

አለ። የጎደለው አንድ ወይም ሁለት ካርትሪጅ ብቻ ከሆነ እነሱን ገዝቶ መሞከር ሊያዋጣ ይችላል። ሁሉም ባዶ ከሆኑ ራሱን የሚያድስ ቺፕ ያለው፣ ደጋግሞ የሚሞላ ካርትሪጅ ለብዙ ሞዴሎች ይገኛል። በውስጡ ተመሳሳይ ዓይነት ርካሽ ቀለም ተሞልቶ ይሞከራል። ማሽኑ የፒግመንት ከሆነ ፒግመንት፣ የዳይ ከሆነ ዳይ ይሁን፤ ሁለቱ በአንድ ቱቦ ውስጥ እንዲገናኙ አልመክርም። የሄድ ማጽጃ ፈሳሽ ሞልተው ማስኬድም ይቻላል፤ የደረቀውን ያለሰልሳል፣ ነገር ግን ቀለም ስለሌለው የኖዝል ፍተሻውን በዓይን ማንበብ አይቻልም።

ይህ ዘዴ የሚቀለው ካርትሪጁ በቀጥታ ሄዱ ላይ በሚቀመጥባቸው ማሽኖች ነው። ረጅም ቱቦ ባላቸው ላይ የሙከራው ቀለም ቱቦውን ሞልቶ ስለሚቀር ኋላ እውነተኛው ቀለም ሲገባ ለተወሰነ ጊዜ ተቀላቅሎ ይወጣል። የፎቶ ቀለማቱ እስኪጠሩ ድረስ ለሰው የሚሰጥ ሥራ አያትሙበት።

የቀድሞው ባለቤት ርካሽ ቀለም ይጠቀም ከነበረም ተመሳሳይ ነው። በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ግን መደበቅ የለበትም።

ማሽኑ በሙሉ ጤና ሆኖ መግዛት የሌለብኝ ጊዜ አለ?

አለ፤ ሁለቱም ከቤት ሳይወጡ የሚጣሩ ናቸው። አንደኛ፣ ካርትሪጁ ዛሬም ይመረታል? በመጋዘን የቀረ አሮጌ ካርትሪጅ ብቻ የሚሸጥለት ከሆነ ፒግመንቱ ከታች ዘቅጦ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለኮምፒውተርዎ ሲስተም ድራይቨር አለው? ድራይቨር የሌለው ፎቶ ፕሪንተር ቢያትም እንኳ የወረቀት ዓይነትና የቀለም ማስተካከያ ምርጫዎቹን ያጣል፤ ያለ እነሱ ደግሞ የፎቶ ፕሪንተርነቱ ትርጉም ያንሳል።

ቀለም በፈሳሽ የማይረጩት፣ በሙቀት የሚያትሙትስ?

ዳይ ሰብሊሜሽን የሚባሉት ናቸው፤ እንደ ካኖን ሴልፊ ያሉት ትንንሾችና በስቱዲዮ የሚያገለግሉት። የሚደርቅ ቀዳዳ የላቸውም። ቀለሙ በጥቅልል ላይ ነው ያለው፤ ማሞቂያው ወደ ወረቀቱ ያሸጋግረዋል። የሚፈለገው ወረቀቱ በሚጓዝበት አቅጣጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ነው። በማሞቂያው ላይ ያረፈ ቆሻሻ ሊሆን ይችላልና በአልኮል ተጠርጎ ይሞከር፤ ካልጠፋ ማሞቂያው ተጎድቷል። ጥቅልሉና ወረቀቱ በአንድነት ስለሚሸጡ ዛሬም መገኘታቸውን ያረጋግጡ።

ፈትኜ ገዛሁት፣ ቤትም አስገባሁት። አሁን ቀለሙን ልግዛ?

አንድ ሌሊት ይታገሡ።

መጀመሪያ አጓጓዡ። ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ ቁልፍ ያጥፉት፤ ገመዱን በመንቀል አይደለም። በቁልፉ ሲጠፋ ነው ሄዱ ወደ ማረፊያው ሄዶ የሚከደነው። ካርትሪጆቹን አያውጡ፤ አየር ይገባል። በመንገድ ላይ ደልዳላ ሆኖ ይቀመጥ፤ ፕሮ-1000 ወደ 32 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ለብቻዎ አያንሱት።

ቤት እንደደረሱ የኖዝል ፍተሻ ያትሙ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከምንም ጽዳት በፊት፣ ሌላ ያትሙ። ከሦስት ቀን በኋላ ሦስተኛውን። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ይጻፉ። ሌሊቱን አድሮ ሙሉ የሚያትም ማሽን መክደኛው በትክክል ይገጥማል፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ሙሉ ከሆነ ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል። በየማለዳው ጥቂት ጥቂት እየጎደለበት፣ በጽዳት እየሞላ፣ እንደገና የሚጎድልበት ከሆነ ችግሩ አየር ወይም ላስቲክ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

ሦስቱም ወረቀቶች ሙሉ ከሆኑም ሙሉ ስብስብ አይግዙ። ሊያልቁ የተቃረቡትን ብቻ ይግዙ፤ የተቀሩት በራሳቸው ጊዜ ይለቁ። ካርትሪጁ ላይ የታተመውን የአገልግሎት ጊዜ አይተው ይቀበሉ። ወረቀቶቹንም አይጣሉ። እኔ አሁን ያለኝን ማሽን በገዛሁበት ቀን ያተምኳት ወረቀት ሽፋኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፋለች፤ አዲስ ፍተሻ ባተምኩ ቁጥር ከእሷ ጎን አድርጌ አያታለሁ።